«ብሉ» ወይስ «ታፔስትሪ»? አንድ ጥያቄ ጥዬ 27 መልስ መጣ

ባለፈው ሰኞ ማታ ሙዚቃ ወዳጆች በምንሰባሰብበት መድረክ ላይ አንድ ሐሳብ ጣልኩ። እስከ ዓርብ ድረስ 27 መልስ መጣ። አንዳንዱ አረመኝ፣ አንዳንዱ ተቆጣኝ። ሁለት ሦስቱ ደግሞ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጡም። በተራ ላውራችሁ።

የጻፍኩት ይህን ነበር። በ1971 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሁለት ሴቶች በአንድ ወቅት፣ በአንድ ግቢ፣ ሁለት አልበም ቀረጹ። ቦታው ኤ ኤንድ ኤም ስቱዲዮ ይባላል። አሜሪካዊቷ ካሮል ኪንግ በየካቲት «ታፔስትሪ»ን አወጣች። ካናዳዊቷ ጆኒ ሚቸል በሰኔ «ብሉ»ን። «ታፔስትሪ» አሜሪካ ውስጥ 15 ሳምንት በተከታታይ አንደኛ ሆኖ ቆየ። «ብሉ» ከ15ኛ ደረጃ በላይ አልወጣም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የራሳቸውን ዘፈን እየጻፉ ለሚዘፍኑ ሁሉ በሩን የከፈተው «ብሉ» ነው አልኩ።

ምክንያቴንም ጻፍኩ። እኛ አገር የካሴት ሽፋን ስታነቡ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ ይላል። ድምጻዊው ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ቃል ይዞ ነው የሚመጣው። ነውር የለውም፤ ስንት ድንቅ ዘፈን የተወለደው እንደዚያ ነው። የራስን ቁስል በራስ ቃልና በራስ ዜማ ይዞ መቆም ግን ሌላ ድፍረት ይጠይቃል። ጆኒ በ1965 ሴት ልጅ ወለደች። ገንዘብም ረዳትም አልነበራትም። ልጅቷን ለጉዲፈቻ ሰጠች። «ብሉ» ላይ ያለው «ሊትል ግሪን» የተጻፈው ለዚያች ልጅ ነው። አልበሙ ሲወጣ ግን አድማጩ ይህን አያውቅም ነበር። እንዲያውም አንድ የጊዜው ገምጋሚ ግጥሙ ጨርሶ እንዳልገባው ጽፏል። እናትና ልጅ የተገናኙት በ1997 ነው። ያን ዘፈን ይህን ካወቅሁ በኋላ ስሰማው ስሜቴን መቆጣጠር ያቅተኛል።

ክርክሬን ለማጠናከር ሦስት ነገር ጨመርኩ። «ብሉ» ላይ ከድምጽና ከአንድ መሣሪያ በቀር ምንም የለም አልኩ። ሁለቱም ሴቶች እያንዳንዷን ቃል ራሳቸው ጻፉ አልኩ። ካሮል ሥራ የጀመረችው የዘፈን ጸሐፊዎች በሚሠሩበት ብሪል በሚባለው የኒውዮርክ ሕንጻ ነው አልኩ። ሦስቱም ላይ ተሳስቼ ነበር።

1ኛው መልስ ፍራንክፈርት የምትኖር ነርስ የጻፈችው ነው። የሌሊት ተረኛ ስትሆን ወደ ቤት የምትመለሰው «ብሉ»ን እየሰማች ነው። አሥር ዘፈን ነው፣ 36 ደቂቃ አይሞላም፣ ከሆስፒታሉ እስከ ቤቷ ልክ ይበቃታል። ክርክር ውስጥ አልገባችም። አመስግና ሄደች።

2ኛው በጣም ጨዋ እርማት ነበር። ጸሐፊው መጀመሪያ ጽሑፌን አመሰገነ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ዘረዘረ። ዘፋኙ ጄምስ ቴይለር ሦስት ዘፈን ላይ ጊታር ይጫወታል። «ኬሪ» ላይ ቤዝ የሚመታው ስቲቨን ስቲልስ ነው። ከበሮውን የሚመታው ራስ ከንከል የሚባል ሙዚቀኛ ነው። «ካሊፎርኒያ» ላይ የሚንሳፈፈው ድምጽ የስኒኪ ፒት ክላይናው ፔዳል ስቲል ጊታር ነው፤ ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተቱ የሚጫወቱት ዓይነት። ብቸኝነት የሚሰማን ሙዚቀኞቹ ስላልነበሩ አይደለም፤ ለእሷ ድምጽ ቦታ ስለለቀቁ ነው አለ። ይህን ካነበብኩ በኋላ አልበሙን በማዳመጫ ደግሜ ሰማሁት። ልክ ነው። ከበሮው ስንት ጊዜ ሲያልፈኝ ኖሯል።

3ኛው ያን ያህል አልለሰለሰም። ሳታጣራ አትጻፍ ብሎ ጀመረ። በ«ታፔስትሪ» ትልቁ ዘፈን «ኢትስ ቱ ሌት» ላይ ዜማው የካሮል ነው፣ ቃሉ ግን የቶኒ ስተርን። ካሮልና የቀድሞ ባሏ ጄሪ ጎፊን ይሠሩ የነበሩትም ብሪል ሕንጻ ሳይሆን በዚያው ሠፈር ያለው 1650 ብሮድዌይ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያደባልቃል፣ እኔም ከብዙዎቹ አንዱ ሆንኩ። በ4ኛው መልስ ስህተቴን አምኜ አመሰገንኩት።

ከ5ኛ እስከ 7ኛ ያሉት የየራሳቸውን ሰው ይዘው መጡ። አንዱ ቦብ ዲላን ሳይነሳ ስለዚህ ጉዳይ ማውራት ድፍረት ነው አለ፤ የ2016ቱን የኖቤል ሽልማትም አስታወሰን። ሌላው የሌናርድ ኮኸን «ሶንግስ ኦፍ ላቭ ኤንድ ሄት» የወጣው በዚያው በ1971 መሆኑን ጠቆመ። 7ኛው የዲላንን «ብለድ ኦን ዘ ትራክስ» አነሳ። ዲላን አልበሙን ኒውዮርክ ቀርጾ ከጨረሰ በኋላ ግማሹን ሚኒያፖሊስ ሄዶ እንደ አዲስ ቀረጸው። እዚያ የተጫወቱት ሙዚቀኞች ስም ሽፋኑ ላይ አልወጣም። ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል። የካሴት ሽፋን ላይ ስማቸው የማይጻፍ የኛም ሙዚቀኞች ስንት ናቸው።

8ኛውን የጻፉት አንጋፋ ሰው ናቸው። ልጄ ብለው ጀመሩ። በዚያ ዓመት ለትምህርት ኦሃዮ ነበሩ። የተማሪ ማደሪያው ውስጥ ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሄዱ ከየክፍሉ የሚሰሙት «ታፔስትሪ» ነበር። በመጀመሪያ የትርፍ ሰዓት ደሞዛቸው የገዙትም ሸክላ እሱ ነው። እስካሁን አላቸው። ሽፋኑ ላይ ካሮል መስኮት አጠገብ ባዶ እግሯን ተቀምጣለች፣ ከፊቷ ድመት አለ። እንደዚያ ያለ ሽፋን ከዚያ በፊት አላዩም ነበር፤ ዘፋኝ ሲባል የሚያውቁት ያጌጠና የተኳኳለ ሰው ነው። ይቺ ግን ጎረቤት ትመስላለች።

ቀጥለው የተናገሩት ነው ክርክሬን ያናጋው። «ዊል ዩ ላቭ ሚ ቱሞሮው» የተጻፈው በ1960 ነው። ካሮል ያኔ 18 ዓመቷ ነበር፤ ዜማው የእሷ፣ ቃሉ የባሏ። ሸረልስ የተባሉት ጥቁር ሴቶች ዘፈኑትና አሜሪካን አዳረሰ። ለአሥር ዓመት ያህል የእሷ ዘፈኖች የሚኖሩት በሌሎች አፍ ነበር። የአሪታ ፍራንክሊን «ናቹራል ውማን» እንኳን የካሮል ዜማ ነው። መድረክ ትፈራ ነበር። የራስሽን ዘፈን ራስሽ ዝፈኚ እያለ የገፋፋት ጄምስ ቴይለር ነው። ከዚያ በ28 ዓመቷ፣ ከፍቺ በኋላ፣ ሁለት ልጅ ይዛ፣ ያንኑ የ18 ዓመት ጥያቄ ቀስ አድርጋ ፒያኖ ላይ ደገመችው። ነገ ትወደኛለህ ወይ የሚለውን ልጅ ስትጠይቀውና የተፋታች ሴት ስትጠይቀው አንድ አይደለም አሉ። ድፍረት ማለት ምስጢር ማውጣት ብቻ ነው ያለህ ማነው ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

9ኛው ይህን ሁሉ ትቶ ሌላ በር ከፈተ። የዚህ መድረክ ርዕስ የሮክ ታሪክ ነው፣ እናንተ የምታወሩት ስለ ለስላሳ ሙዚቃ ነው አለ። ፒያኖና ማልቀስ ሮክ አይደለም። 10ኛው ወዲያው መለሰለት። ናዛሬት የተባለው የስኮትላንድ ባንድ በ1973 «ዚስ ፍላይት ቱናይት»ን በከባድ ጊታር ተጫውቶ አውሮፓ ውስጥ ትልቅ ዘፈን አደረገው። ያ ዘፈን ከ«ብሉ» የተወሰደ ነው። አጥንቱ ሮክ ባይሆን እንዴት ያን ሥጋ ይሸከማል? 9ኛው በ11ኛው ተመልሶ መጣ፤ አንድ ዘፈን አልበም አያደርግም አለ፤ ለሴት ዘፋኝ ያለንንም ስሜታዊነት ነቀፈ። ይህችኛዋ አላስደሰተችኝም። ወንድ ሲያለቅስ ገጣሚ፣ ሴት ስታለቅስ ለስላሳ የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም። ሌሎችም ይህንኑ ነገሩት። ዝም አለ።

12ኛውን የጻፈው ጊታር የሚያስተምር ሰው ነው። ካነበብኳቸው ሁሉ የወደድኩት ይሄ ነው። ጆኒ በ9 ዓመቷ ፖሊዮ ያዛት። ግራ እጇ ደከመ። የተለመደውን የጊታር ኮርድ፣ ማለትም አንድ ላይ የሚመቱ ድምጾችን፣ አጥብቆ መያዝ ያስቸግራት ነበር። ስለዚህ እጇን ከጊታሩ ጋር በማላመድ ፈንታ ጊታሩን ከእጇ ጋር አላመደችው። ክሮቹን ላላ ጠበቅ አድርጋ፣ ምንም ሳይያዝ ሲመታ ራሱ ኮርድ እንዲሰጥ ቃኘችው። ከዚያ በአንድና በሁለት ጣት መሄድ ይቻላል። በሙያ ዘመኗ ከ50 በላይ ቅኝት ተጠቅማለች። ሌላው ካናዳዊ ዘፋኝ ኒል ያንግም በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት ነበር።

መምህሩ ይህን ለተማሪዎቹ የሚያስረዳው በክራር ነው። ክራር ተጫዋች ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር ክሩን እንደገና ይቃኛል። መሣሪያው ያው ነው፣ ስሜቱ ግን ሌላ አገር ይሆናል። ጆኒም በየዘፈኑ የምታደርገው እሱን ነው። ለዚህ ነው ዘፈኗን በተለመደው የጊታር አያያዝ ለመጫወት የሚሞክር ሁሉ ቃሉን ሁሉ አግኝቶ መዓዛውን የሚያጣው። «ብሉ» ላይ ደግሞ ደልሲመር አለ። ጭን ላይ ጋደም ተደርጎ የሚመታ የአሜሪካ ተራራማ አካባቢ መሣሪያ ነው። አውሮፓን ስትዞርና ቀርጤስ ደሴት ማታላ የሚባለው የዋሻ መንደር ስትከርም ደልሲመሩ አብሯት ነበር። መምህሩ ሲጨርስ አንድ ምክር ሰጠ። እጃችሁ ትንሽ ነው፣ ጣታችሁ አጭር ነው ተብላችሁ ጊታር ያስቀመጣችሁ ካላችሁ አንሱት፤ መጀመሪያ ክሩን ቃኙት አለ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ትንሽ ከመንገድ ወጣ። 13ኛው ጥሩ የጊታር ክር አዲስ አበባ የት እንደሚገኝ ጠየቀ። 14ኛው ፒያሳ አካባቢ ያሉትን የሙዚቃ መሣሪያ ሱቆች ጠቆመ። 15ኛው ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ካለህ እሱን ላከው አለ። ጠቃሚ ነው፣ ግን እንለፈው።

16ኛው ስቱዲዮ ውስጥ ድምጽ የሚቀርጽ ልጅ ነው። ወደ ዋናው ጉዳይ መለሰን። ቅንብርን ስለ ማሳነስ ነው የጻፈው። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ኒክ ድሬክ «ፒንክ ሙን» የተባለ አልበሙን በጥቅምት 1971 ለንደን ውስጥ በሁለት ሌሊት ቀረጸው። እሱ፣ ጊታሩና አንድ የድምጽ ባለሙያ ብቻ። ኋላ የተጨመረው በመጀመሪያው ዘፈን ላይ ያለችው ጥቂት ፒያኖ ናት። 28 ደቂቃ ነው። ሲወጣ የገዛው ጥቂት ሰው ነበር፤ ድሬክ በ1974 በ26 ዓመቱ ሞተ። ቀጥሎ አሜሪካዊውን የሮክ ዘፋኝ ብሩስ ስፕሪንግስቲንን አነሳ። በጥር 1982 ኒው ጀርሲ ባለው ቤቱ፣ ካሴት በሚቀዳ ባለአራት ትራክ መሣሪያ፣ ለባንዱ ማሳያ እንዲሆን ብሎ ዘፈኖቹን ቀዳ። ባንዱ ስቱዲዮ ገብቶ ሞከራቸው። አልሆነም። ካሴቱ ላይ የነበረው ስሜት ስቱዲዮ ውስጥ ጠፋባቸው። በመጨረሻ ያ ቤት የተቀዳው ካሴት ራሱ «ነብራስካ» ተብሎ ወጣ።

ልጁ ይህን ያመጣው ሥራው ስለሚያስጨንቀው ነው። ዘፋኝ ይመጣል፣ አንድ ክፍት ቦታ ካየ ኪቦርድ ሙላልኝ ይላል። ዝምታ የሚፈራ ሰው በዛ አለ። 17ኛው ግን አልተስማማም። መጥፎ ድምጽ በራሱ ጥበብ አይሆንም፣ ቤቱ የቀዳ ሁሉ ስፕሪንግስቲን አይደለም አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ለ16ኛው አደላለሁ፤ ዘፈኑ ጠንካራ ከሆነ ባዶው ቦታ ይናገራል።

18ኛው ስለታም ነበር። የፈረንጅ ሴቶች ስታወድሱ አዝማሪውን ረሳችሁት አለን። አዝማሪ ግጥሙን እዚያው ይፈጥራል፣ ዜማውን ራሱ ይይዛል፣ ማሲንቆውን ራሱ ይመታል። ይህ ከሎስ አንጀለስ በፊት ስንት መቶ ዓመት የኖረ ነው፤ አንተ ግን ካሴት ሽፋን ላይ የሦስት ሰው ስም አይተህ እኛ የለንም ትላለህ። አነጋገሩ ቆርጦኛል፣ ነገሩ ግን እውነት ነው። የለንም አላልኩም፤ እንዲያ የሚመስል ነገር ግን ጽፌያለሁ። ይቅርታ ጠየቅሁ።

ከዚያ 19ኛው መጣና ውይይቱን ጸጥ አሰኘው። ጆኒ ሚቸል በ1985 ባወጣችው «ዶግ ኢት ዶግ» አልበም ላይ «ኢትዮጵያ» የሚል ዘፈን አለ። ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር። በዚያው ዓመት ካናዳውያን ድምጻውያን ለረሃቡ ተሰብስበው በሠሩት «ቲርስ አር ናት ኢነፍ» ላይም እሷና ኒል ያንግ ዘፍነዋል። ጸሐፊዋ ይህን ያመጣችው በደስታ ነው፣ እንኳን እኛን አሰበችን በሚል።

20ኛው በጣም ተቆጣ። ስማችን በዓለም ሙዚቃ ውስጥ የገባው በረሃብ ብቻ ነው፣ በዚህ አላመሰግንም አለ። የአገር ስም የመከራ ቃል ሲሆን ስንት ዓመት እንደሚጎትት ውጭ አገር የተማረ ሰው ያውቀዋል፤ እሱ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ውስጥ በዚህ ተሰድቦ አድጓል። ሁለት ሰዎች ሊያረጋጉት ሞከሩ። ከዚያ አንድ ከወሎ የሆነ ሰው ጻፈ። በ77 ልጅ ነበር። ወንድሙን ቀብሯል። ዘፈኑን አሁን ፈልጎ ሰማው። እንግሊዝኛውን ሙሉ በሙሉ ባይከተለውም ድምጿ ውስጥ ንቀት አላገኘም፣ ሐዘን አገኘ። ከዚህ በላይ አልጻፈም። 20ኛውም አክብሮ መለሰለት፤ ቁጣው ከሟቾቹ ጋር እንዳልሆነ ነገረው። ያን ቀን ማታ ሌላ ሰው አልጻፈም።

እኔም ዘፈኑን ሰማሁት። በ80ዎቹ የኤሌክትሮኒክስ ድምጽ የታጨቀ አልበም ነው፣ ከ«ብሉ» በጣም ይርቃል። ከልቤ ልናገር፣ እንደ ሙዚቃ ከምወዳቸው ሥራዎቿ አይደለም። የወሎውን ሰው መልስ ካነበብኩ በኋላ ግን ስለ ቅንብሩ ለመከራከር አልፈለግሁም።

ሐሙስ ጠዋት 24ኛው አሜሪካዊቷን ዘፋኝ ትሬሲ ቻፕማንን ይዞ መጣ። በ1988 ዌምብሊ ስታዲየም ለማንዴላ 70ኛ ልደት በተዘጋጀው ኮንሰርት ላይ የስቲቪ ወንደር መሣሪያ ላይ እክል ስለገጠመ፣ ትሬሲ በአንድ ጊታር ብቻ ዳግም ወደ መድረክ ወጣች። ከዚያ ቀን በኋላ «ፋስት ካር» የተባለ ዘፈኗን የማያውቅ ጠፋ። 25ኛው ይህን ዘፈን አዲስ አበባ በካሴት ቅጂ እንደሰማው ነገረን። ደስ የሚል ነው።

26ኛው ትንሽ መልስ ነበረች፣ እኔን ግን ከመቀመጫዬ አስነሳችኝ። የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹ የሃርቢ ሃንኮክ «ሪቨር፦ ዘ ጆኒ ሌተርስ» በ2008 የግራሚን የዓመቱ ምርጥ አልበም ሽልማት አገኘ። የጆኒን ዘፈኖች የያዘ ነው፤ ስሙ የተወሰደውም «ብሉ» ላይ ካለው «ሪቨር» ነው። ሳክስፎን የሚነፋው ዌይን ሾርተር ሲሆን ከ1977 ጀምሮ በጆኒ አልበሞች ላይ የኖረ ሰው ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ሃንኮክና ሾርተር በ2001 በወጣው የጂጂ አልበም ላይም አሉ። የእኛዋ ጂጂ፣ እጅጋየሁ ሽባባው! «አድዋ» ያለበት አልበም ነው። ግጥሙንና ዜማውን ራሷ የምትሠራ ሴት። ጆኒ ሚቸል አጠገብ የቆሙ እጆች ጂጂ አጠገብም ቆመዋል። ይህን አልበም ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ ሽፋኑን አንብቤ አላውቅም።

27ኛው ዓርብ ማታ መጣ። እኚያው አንጋፋ ሰው ናቸው። ስለ ጂጂ ሽፋን ሲያነቡ የራሳቸውን ሸክላ ከመደርደሪያ አወረዱ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ይዘውት የኋላውን ጽሑፍ በደንብ አይተውት አያውቁም። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «ዊል ዩ ላቭ ሚ ቱሞሮው» ላይ ካሮልን ከኋላ የሚያጅቧት ሁለት ድምጾች ናቸው። አንዱ ጄምስ ቴይለር ነው። ሌላዋ ጆኒ ሚቸል።

ልጄ፣ ሁለቱን ማን አጣላቸው ብለው ጠየቁኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሦስተኛው ዘፈን ነው፣ ጆኒን ለይተህ ስትሰማት ጻፍልኝ አሉ። ዛሬ አራት ጊዜ ሰማሁት። በሁለተኛው ላይ አገኘኋት።